ሞኒተሩን ማን መረጠው?

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መምህሩ ከክፍል ሊወጣ ሲል አንዱን ልጅ ይጠራና "የሚረብሽ ካለ ስሙን ጻፍ" ይለዋል። ልጁ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆማል። መምህሩ ሲመለስ ዝርዝሩ ይነበባል። ስማቸው የተጠራው ይንበረከካሉ፣ ወይም እጃቸውን ዘርግተው ይገረፋሉ። "እኔ አልረበሽኩም" ብሎ መከራከር ጥፋቱን እጥፍ ያደርገዋል። ስም ጻፊው ጓደኞቹን እንዳለፋቸው፣ የተጣላውን ደግሞ ሳይረብሽ እንደጻፈው ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም።

ይህ ልጅ ሞኒተር ይባላል። ማን እንደመረጠው፣ ሥልጣኑ መቼ እንደሚያበቃ፣ ቢበድል ለማን አቤት እንደሚባል የሚያውቅ ተማሪ የለም።

ከዚያ ደወል ይደወላል፤ የሥነ ዜጋ መምህር ይገባል። ሰሌዳው ላይ "የዴሞክራሲ መሠረታዊ መርሆዎች" ብሎ ይጽፋል። የሕዝብ ሉዓላዊነት፣ የሕግ የበላይነት፣ ተጠያቂነት፣ ግልጽነት። ተማሪው ይገለብጣል። ጉልበቱ ላይ ያለው አቧራ ግን ገና አልተራገፈም።

የኢትዮጵያ የዜግነት ትምህርት ችግር ዋና ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው በአንድ ቀን ሁለት ትምህርት ይማራል፤ አንዱን በደብተሩ፣ ሌላውን በጉልበቱ። ፈተና ላይ የሚመጣው የደብተሩ ነው። ዕድሜ ልኩን አብሮት የሚኖረው ግን የጉልበቱ ነው።

አራት ስም፣ አንድ ልማድ

አገሪቱ ይህን ትምህርት ለመስጠት ሰንፋ አታውቅም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን "ግብረ ገብ" ነበር፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ ለንጉሥ ታማኝነት፣ ለታላቅ መታዘዝ። ደርግ ሲመጣ "የፖለቲካ ትምህርት" ሆነ፤ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በጥያቄና መልስ ተጠና። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ "ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር" መጣ። አሁን ደግሞ "የዜግነት ትምህርት" ሆኗል፤ ለታናናሾቹም ግብረ ገብ በአሮጌ ስሙ ተመልሷል።

አራቱ አንድ ናቸው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የሥነ ዜጋው መጽሐፍ በራሱ የሚናቅ አልነበረም። ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አርበኝነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት፤ በእነዚህ 11 ርዕሶች ላይ ጠብ የሚያነሳ ጤነኛ ሰው የለም። ጠቡ ሌላ ነው። አራቱም ትምህርቶች ተማሪውን የሚያዩበት ዓይን አንድ ነው። ከላይ የተዘጋጀ ነገር አለ፤ ተማሪው ይቀበለዋል። ትናንት ንጉሡን ይቀበል ነበር፣ ቀጥሎ ፓርቲውን፣ ከዚያ ሕገ መንግሥቱን። የሚቀበለው ነገር ተቀያየረ እንጂ ተቀባይነቱ አልተቀየረም።

ለዚህ ነው ተማሪው ሥነ ዜጋን "ቀላል ትምህርት" ይለው የነበረው። ሒሳብ ያስባል፣ ፊዚክስ ያስጨንቃል፤ ሥነ ዜጋ ግን ደግ ደጉን መምረጥ ነው። "ከሚከተሉት ውስጥ የጥሩ ዜጋ መገለጫ ያልሆነው የቱ ነው?" የሚል ጥያቄ ለመመለስ ጥሩ ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ ማንበብ ይበቃል። "ሁሉም መልስ ናቸው" የሚል ምርጫ ካለ ደግሞ ማንበብም አያስፈልግም።

መጽሐፉና መስኮቱ

ትምህርት ቤት መስኮት አለው። ተማሪው መጽሐፉን ያነባል፣ በመስኮቱም ያያል። የሁለቱን ልዩነት ለማስተዋል ዲግሪ አያስፈልገውም።

በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ዓ.ም. 547ቱንም ወሰዱ። በዚያው ዓመት ተማሪው ስለ መድብለ ፓርቲ ሥርዓት ጥቅሞች እየተማረ ነበር። መልሱን ካላወቀ ዜሮ ያገኛል፤ ጥያቄውን ከጠየቀ ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ሕዝብም በተወካዩ ላይ እምነት ሲያጣ ሊያነሳው እንደሚችል ይላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እነዚህን አንቀጾች በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ሞልቷል። ጎረቤቱ ተይዞ ቀናት ሲቆጠሩ፣ ቤተሰብ ከጣቢያ ጣቢያ ስንቅ ይዞ ሲንከራተት ያየ ተማሪም ሞልቷል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ልጅ ናቸው። ይህ ልጅ "48 ሰዓት" የሚለውን ፈተናው ላይ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ በልቡ ግን የተማረው ሌላ ነው፤ ሕግ ማለት ለፈተና የሚጻፍ ነገር ነው።

አንቀጹን ያላወቀ ልጅ አንድ ቀን ሊማረው ይችላል። አንቀጹን እንደ ቀልድ የተማረው ልጅ ግን ማን ያስተምረዋል? ባዶ ቦታ ይሞላል፤ በንቀት የተሞላ ቦታ ግን መጀመሪያ መጥረግ ይፈልጋል።

ፈተናው ራሱ ምስክር ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበተነ፤ ተሰርዞ በሌላ ቀን ተሰጠ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጊዜ ሲደርስ ኩረጃ አገራዊ በሽታ ሆኖ ነበርና ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ከቤታቸው ተነስተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በጥበቃ እንዲፈተኑ ተደረገ። ያኔ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ሰው ሁሉ ስለ ሒሳብና እንግሊዝኛ ውድቀት አወራ። ሌላውን ጥያቄ ያነሳ ጥቂት ነበር፤ ከታች ክፍል ጀምሮ "ሥነ ምግባር" የተባለ ትምህርት በየሳምንቱ ሲማር የኖረ ትውልድ ያለ ፌደራል ፖሊስ ፈተና መቀመጥ ካልቻለ፣ በዚያ ክፍለ ጊዜ ምን ሲሠራ ነበር?

ለዚህ ውድቀት የተሰጠው መልስ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የዜግነት ትምህርት 10ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። በሕገ መንግሥቱ የመምረጥ ዕድሜ 18 ነው። ተማሪው ወደ ምርጫ ጣቢያ ሊሄድ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ነገር መመዘን በጀመረበት ዕድሜ፣ ትምህርቱ ይለየዋል። ያልሠራን መሣሪያ መጠገን ሲገባ ማስቀመጥ ቀለለ።

"ሕዝቡ ገና ነው"

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ መልስ ይመጣል። ከባለሥልጣንም ከተማረውም አፍ ይሰማል። "ዴሞክራሲ የነጮች ነገር ነው፤ የኛ ሕዝብ ገና አልደረሰም። ባህሉ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ነው።"

ተረቱ አለ፤ መካድ አይቻልም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውም አለ። ግን ይኸው ሕዝብ "በሕግ አምላክ!" ሲባል መንገድ ላይ የሚቆም ሕዝብ ነበር። ጉልበተኛውን ያስቆመው የነበረው ዘበኛ ሳይሆን ቃል ነው። ተጠየቅ ብሎ ባላጋራውን አቁሞ በአደባባይ የሚሟገት፣ ሙግቱን አድማጭ ከቦ የሚፈርድለት ሕዝብ ነው። የኦሮሞ ገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት ሥርዓት ነው፤ ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው ለጌጥ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ደግሞ እድር ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ያሉበት እድር ደንብ አለው። ዳኛው ይመረጣል፣ ጸሐፊው ይመረጣል፣ ገንዘብ ያዡ ይመረጣል። ሂሳብ በጉባኤ ይነበባል። የጎደለ ካለ "ይሄ ሁለት መቶ ብር የት ገባ?" ብለው የሚነሱ አሉ፤ ማንም ጸረ ሰላም አይላቸውም። ዳኛው ካልሠራ በሚቀጥለው ስብሰባ ይወርዳል፤ ወርዶም ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፣ ሲሞትም ያው እድር ይቀብረዋል። ሥልጣን የለቀቀ ሰው በሰላም ቤቱ የሚገባበት ተቋም ኢትዮጵያ ውስጥ የለም የሚል ሰው ወደ ሠፈሩ ድንኳን ይሂድ።

ስለዚህ ገና የሆነው ሕዝቡ አይደለም። እናቱ እሁድ እሁድ የእድር ሂሳብ ስትመረምር የምታድር ልጅ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲሄድ የክፍሉን አለቃ መምረጥ አይፈቀድለትም። የሚሰበሰብበት መዋጮ ምን ላይ እንደዋለ አይነገረውም። ገና የሆነው ትምህርት ቤቱ ነው።

"መጀመሪያ ሥርዓት ይያዙ"

ሁለተኛው መልስ ከመምህራንና ከወላጆች ይመጣል፤ ይህኛው ክብደት አለው። አንድ ክፍል ውስጥ 70 እና 80 ተማሪ ታጭቆ፣ መምህሩ ድምፁ እስኪዘጋ እየጮኸ፣ "ተማሪዎች ይምረጡ፣ ይከራከሩ" ማለት ሁከት መጥራት አይሆንም ወይ? ልጆች ነፃነት ሲሰጣቸው መምህር መናቅ፣ መስኮት መስበር፣ ከትምህርት መቅረት አልታየም ወይ?

ታይቷል። ነገር ግን ሲብራራ የሚገኘው ተቃራኒው ነው። መምህሩን የሚንቀው ተማሪ ሕግ አውጥቶ፣ በሕጉ ተዳኝቶ የሚያውቅ ተማሪ አይደለም። የሚያውቀው ዱላ ብቻ የሆነ ተማሪ ነው፤ ዱላው ሲነሳ የሚይዘው ነገር የለውም። በፍርሃት የተያዘ ሥርዓት አስፈሪው ዞር ሲል አብሮት ይሄዳል። ክፍል ውስጥም እንዲሁ፣ አገር ላይም እንዲሁ። ኢትዮጵያ አንድ መንግሥት ሲወድቅ ሌላው እስኪተከል ምን እንደሚሆን ደጋግማ አይታለች።

70 ልጅ ያለበት ክፍል መምረጥ አይችልም የሚለውም አያስኬድም። ብጣሽ ወረቀቱ እንደሆነ ድሮም አለ። ልዩነቱ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የረባሽ ስም ነው ወይስ የተመራጭ ስም የሚለው ብቻ ነው።

"መምህሩ ፖለቲካ ያስተምራል"

ሦስተኛው ስጋት የሚብሰው ነው። አገሪቱ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በታሪክ ትርጓሜ ተከፋፍላለች። በጦርነት ምክንያት ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በዚህ ጊዜ መምህር ስለ አንቀጽ 39፣ ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማ ክፍል ውስጥ ክርክር ቢከፍት ክፍሉ ወደ ጦር ሜዳ አይቀየርም ወይ? መምህሩስ የራሱን ወገን ፖለቲካ ቢሰብክ ማን ያግደዋል?

ይህን ጥያቄ ሌላ አገርም ጠይቆታል። ጀርመን በናዚ ዘመን ትምህርት ቤት ልጆችን ለአንድ መሪ አምልኮ ሲያሰለጥን አይታለች። ከጦርነቱ በኋላ የምዕራብ ጀርመን አስተማሪዎች የፖለቲካ ትምህርት እንዴት ይሰጥ በሚለው ላይ ቀኝና ግራ ሆነው ለዓመታት ተቧቀሱ። እ.ኤ.አ. በ1976 ቦይተልስባኽ በምትባል ትንሽ ከተማ ተሰብስበው ከተወያዩ በኋላ ሦስት መርሆዎች ወጡ። አንደኛ፣ መምህር ተማሪውን በራሱ አቋም ማጥለቅለቅ፣ ራሱ እንዳያስብ ማድረግ አይፈቀድለትም። ሁለተኛ፣ በምሁራንና በፖለቲከኞች ዘንድ አከራካሪ የሆነ ነገር ክፍል ውስጥም አከራካሪ ሆኖ መቅረብ አለበት። ሦስተኛ፣ ተማሪው የራሱን ሁኔታና ጥቅም መርምሮ በፖለቲካው ላይ ድርሻ የሚኖርበትን መንገድ መማር አለበት።

ሁለተኛው መርህ ለኢትዮጵያ መድኃኒቱ ነው። አከራካሪውን ነገር ደብቆ ማለፍ ሰላም አያመጣም። መምህሩ ስለ አንቀጽ 39 ዝም ሲል ተማሪው ሳይሰማ አይቀርም፤ ከቲክቶክ ይሰማል፣ ከሚሳደብ ሰው ይሰማል፣ ያውም አንዱን ወገን ብቻ። ደጋፊው ለምን እንደሚደግፈው፣ ተቃዋሚው ለምን እንደሚቃወመው፣ ሁለቱንም በወጉ አስቀምጦ "አንተስ?" የሚለው ቦታ ከትምህርት ቤት ሌላ የለም። አንድ ልጅ የማይስማማበትን ሰው ሐሳብ፣ ባለቤቱ ራሱ "አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው" እስኪል ድረስ አሳምሮ መናገር ከቻለ፣ 11ዱን ምዕራፍ በቃሉ ከያዘው ይልቅ ለአገር ይጠቅማል።

መምህሩስ ዜጋ ነው?

እዚህ ላይ የማይታለፍ ነገር አለ። ያልበሰለበት ማሰሮ አያበስልም። ስለ መብት የሚያስተምረው መምህር ራሱ ምን ዓይነት ዜጋ ነው?

በተለያዩ አካባቢዎች ደመወዙ ለወራት የዘገየበት መምህር አለ። ሳይጠየቅ ለመዋጮ የተቆረጠበት አለ። ለድጋፍ ሰልፍ ውጣ ሲባል የወጣ፣ ዕድገትና ዝውውር ከአባልነት ጋር ሲያያዝ አይቶ አባል የሆነ አለ። በአንድ ወቅት አንድ ለአምስት ተደራጅቶ እርስ በርሱ እንዲጠባበቅ የተደረገው ይኸው መምህር ነው። "ለምን?" ብሎ ጠይቆ የማያውቅ ሰው "ለምን በሉ" ብሎ ማስተማር አይችልም። ይሉኝታ ካለው ዓይኑን ሰሌዳው ላይ ተክሎ ያስገለብጣል።

መምህሩን መውቀስ ቀላል ነው። ሆኖም እሱም የዚያው ሞኒተር ክፍል ተማሪ የነበረ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር መጽሐፍ ከመለወጡ በፊት መምህሩን ከፓርቲ ጫና ነፃ ማድረግ፣ ደመወዙን በጊዜው መክፈል፣ ማኅበሩን ማክበር ነበረበት። ይህ የደመወዝ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የዜግነት ትምህርቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው።

ነገ ሊጀመር የሚችለው

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ "ሥርዓቱ ካልተለወጠ ምንም አይሆንም" ይላል። ይህም ሌላ መተኛ ነው። በጀት ሳይጠይቅ፣ አዋጅ ሳይጠብቅ፣ አንድ ርዕሰ መምህር ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችል ነገር አለ፦

1. የክፍል አለቃ በምስጢር ድምፅ ይመረጥ። ዘመኑ አንድ ሴሚስተር ይሁን። ተማሪዎች እምነት ካጡበት በድምፅ ይውረድ። አንቀጽ 12ን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ የለም።

2. ስሙ የተጻፈ ተማሪ ከመቀጣቱ በፊት ይሰማ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሳይሰሙ አለመፍረድን በ12 ዓመቱ ያየ ልጅ፣ ዳኛ ወይም ፖሊስ ሲሆን አይረሳውም።

3. ከወላጅ የተሰበሰበ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ተማሪዎች ያንብቡት፣ ይደምሩት፣ ይጠይቁት። ሒሳብና ዜግነት በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ።

4. ተማሪ ማመልከቻ መጻፍ ይማር። ውኃ ለተቋረጠበት ሠፈር፣ ለተበላሸ የመንገድ መብራት፣ እውነተኛ አቤቱታ ለእውነተኛ ወረዳ ጽፎ መልሱን ይከታተል። መረጃ የመጠየቅ መብት በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 590 ተደንግጓል፤ ሕጉን ከሚያጠና ይልቅ አንዴ የተጠቀመበት ያውቀዋል። መልስ ባይመጣም ለምን እንዳልመጣ መወያየት ራሱ ትምህርት ነው።

5. ፈተናው ይቀየር። "ያልሆነው የቱ ነው" ይቅርና፣ ሁለት መብቶች የሚጋጩበት አንድ ታሪክ ይሰጥ፤ ተማሪው ይፍረድ፣ ምክንያቱን ይጻፍ። ነጥቡ ለፍርዱ ሳይሆን ለምክንያቱ ይሰጥ።

6. የዜግነት ትምህርት እስከ 12ኛ ክፍል ይመለስ። ይህ ብቻ ከርዕሰ መምህሩ አቅም በላይ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያሉት ይጠየቁበት።

እነዚህ ነገሮች ትንሽ ናቸው የሚል ይኖራል። ትንሽ ናቸው። ነገር ግን አምባገነንነትም ወደ ልጅ ልብ የገባው በትንሽ ነገር ነው፤ በብጣሽ ወረቀት፣ ባልተሰማ ክርክር፣ በማይጠየቅ አለቃ። በገባበት በር ማስወጣት እንጂ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ መፈክር ማስወጣት አይቻልም።

ዛሬ ሰሌዳው ፊት ብጣሽ ወረቀት ይዞ የሚቆመው ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ የሆነ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የወረዳ ኃላፊ፣ መርማሪ፣ ዳኛ፣ የምክር ቤት አባል ሊሆን ይችላል። ያኔም እጁ ላይ ወረቀት ይኖራል፣ ወረቀቱም ላይ ስም። ያን ጊዜ የሚያስታውሰው 11ዱን ምዕራፍ አይደለም፤ ስም መጻፍ ሲጀምር ማን እንደጠየቀውና ማን ዝም እንዳለው ነው። የተንበረከኩት ልጆችም አድገው ከፊቱ ይቆማሉ። እነሱም የሚያስታውሱት ያንኑ ነው።

ሞኒተሩን ማን መረጠው? ይህን ጥያቄ በ4ኛ ክፍል ጠይቆ ያላወቀ ሕዝብ፣ በ40 ዓመቱ እንዲጠይቀው መጠበቅ የዋህነት ነው።